ከቀዩ አምፖል ሥር

«ክቡራን የዚህ ቤት ነዋሪዎች! እንዲሁም የዚህ ቤት ነዋሪ ሳይሆን ምሳ ሰዓት ላይ ጠፍቶ የማያውቀው ወንድሜ! ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በቀረጻ ክፍሉ ውስጥ የበራውን ቀይ አምፖል ማጥፋት፣ ማወዛወዝ፣ በአጠገቡ ማስነጠስ፣ እንዲሁም ‹ይሄ አምፖል ዕረፍት የለውም እንዴ?› እያሉ መጠየቅ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናስታውቃለን። መግለጫው በዚሁ ተፈጸመ።»

እናትየዋ ይህን ስታነብ በእጇ የያዘችው ወረቀት አልነበረም፤ ጭልፋ ነበር። ቢሆንም ጭልፋው ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ዓይኗን ከሱ አላነሣችም። ዕድሜዋን በሙሉ የሬዲዮ ጣቢያ ዋና አዘጋጅ ሆና ሌሎች የሚያነቡትን ስትጽፍ ስለኖረች፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ራሷ የጻፈችውን ራሷ ታነባለች። በዚህ ቤት ስኳር ማለቁ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ይታወጃል።

«ተቃውሞ አለኝ» አለ አጎትየው አፉን በዳቦ ሞልቶ።

«ተሰምቷል። ውድቅ ሆኗል።»

ልጅቷ ሳቀች። አባቷ አልሳቁም። የግራ ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ፤ ያ ማለት «ሻይ» ማለት ነው። ሁለቱም ቅንድብ ከተነሣ ደግሞ «እንግዳው መቼ ነው የሚሄደው» ማለት ነው።

እኚህ ሰው በቅንድብ መነጋገር የጀመሩት በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት «ድምፁ» ነበሩ። የጣቢያው ዜና አንባቢ። መልካቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ድምፃቸውን የማያውቅ ግን ሬዲዮ የሌለው ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ቢሆን ከጎረቤቱ ይሰማል። ሱቅ ገብተው «ሳሙና» ሲሉ ባለሱቁ መንግሥት የተለወጠ መስሎት ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ልጃቸው ትንሽ ሳለች «ተኚ» ሲሏት ሳትወድ በግዷ ትተኛ ነበር፤ ከዜና ጋር ማን ይከራከራል?

ከዚያ ጉሮሯቸው ውስጥ አንድ የማይረባ ነገር በቀለ። ሐኪሙ ቆርጦ አወጣው። ፋሻው የተፈታ ዕለት ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ድምፅዎ እንደ ድሮው አይሆንም፣ ይሻክራል» አላቸው። «ግን ይናገሩበት። በየቀኑ። ያልተከፈተ በር ይዝጋል፤ ከዛገ በኋላ እኔም አልከፍተውም።»

አባትየው «ውሃ» ለማለት ሞከሩ። የወጣው ነገር ከጉድጓድ የተጎተተ ባልዲ ይመስል ነበር። አፋቸውን ገጠሙ። ከዚያች ቀን ወዲህ ቃል የሚባል ነገር ከሳቸው የሰማ የለም።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል አጎትየው ሊያጽናና ሲሞክር።

«ዝም ባይነቅዝ ጉሮሮው ይነቅዛል!» ትለዋለች እናትየዋ። «ሐኪሙ ያለውን አልሰማህም? ዛሬ አንድ ቃል፣ ነገ አንድ ቃል... እንቢ ካለ እኮ ቀርቶ ይቀራል!»

ልጅቷ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ቤት የዋለችው በዚህ ምክንያት ነው። እሷም የዚያው ጣቢያ ሰው ናት፣ የድምፅ ቴክኒሻን። አጎትየው ደግሞ ማስታወቂያ አንባቢ ነበር፤ አሁንም ጨው አቀብሉኝ የሚለው «እንዳያመልጥዎ!» በሚለው ቃና ነው። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ከጣቢያው ፕሮግራም የቀረው የአየር ሁኔታ ብቻ ነበር፣ እሱንም እናትየዋ ፊቷን በማጥቆር ትተነብያለች።

ቀዩ አምፖል እንዴት እንደበራ ለመረዳት ወደ ጎረቤቷ ነርስ መሄድ ያስፈልጋል። ነርሷ ዶሮዎች ታረባለች። አንድ ማለዳ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በር አንኳኩታ ገባች፤ በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች።

«እትዬ፣ የታቀፈችዋን ዶሮዬን ድመት በላብኝ። እንቁላሎቹ ግን ገና ትኩስ ናቸው፣ ይኸው ንኩት።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ ሽቦ ስታጣምሪ ነው የምትውይው። ለነዚህ የሚሆን ሙቀት አታጡም። እኔ ተረኛ ነኝ፣ ረፍዶብኛል» ብላ ሻርፑን ጭምር ጥላ ሄደች።

ልጅቷ የተጣለ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ፈለገች፤ ሆዱን ባዶ አድርጋ፣ ሙቀት መለኪያ ሰክታ፣ አንድ ኩባያ ውሃ ለእርጥበት አስቀምጣ፣ ከጣቢያው ዕቃ ቤት የወጣ ትልቅ ቀይ አምፖል አንጠለጠለችበት። ሣጥኑን የምታኖርበት ቦታ ላይ አላመነታችም። ከኮሪደሩ ጫፍ አባቷ ቤት ውስጥ የሚቀርጹባት ጠባብ ክፍል አለች። መስኮት የላትም፣ ንፋስ አይገባትም፣ በሯ ከተዘጋ ድምፅ አይገባም አይወጣም። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ነው። ድሮ ማሚቶ እንዲውጥ የተለጠፈው ያ ሁሉ ባዶ ካርቶን፣ ስንት ዘመን ጠብቆ በመጨረሻ እንቁላል አየ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» አለ አጎትየው በማስታወቂያ ቃናው። ከዚያን ቀን በኋላ በየጠዋቱ አለው። ልጅቷ እንቁላሎቹ በእግራቸው እንዲሄዱ የምትጸልየው በከፊል ይህን ተረት ለመገላገል ነበር።

ለአባቷ ሥራ ሰጠቻቸው። «አባባ፣ እንቁላል ባለበት ከቆየ ጫጩቷ ቅርፊቱ ላይ ትጣበቃለች። ዶሮ ቀኑን ሙሉ ታገላብጠዋለች። እርስዎ ያገላብጡልኝ።» አባትየው ቅንድባቸውን ሳያነሡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠዋት በዜና ሰዓት፣ ቀትር በዜና ሰዓት፣ ማታ በዜና ሰዓት ተነሥተው ወደ ክፍሏ ይገባሉ። በሯን ይዘጋሉ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ። ሲቆዩ ይቆያሉ።

«እንቁላል ማገላበጥ ይሄን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» አለች ልጅቷ።

«ሊያለቅስ ነው የሚገባው» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማይክሮፎኑ እኮ እዚያው ነው። ተዪው። ሰው ማልቀሻ ያስፈልገዋል።»

ማንም አልተከተላቸውም።

ሦስተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሲል መገላበጡ ቆመ፤ ጫጩቶቹ መውጫቸውን የሚያዞሩበት ጊዜ ነውና። ልጅቷ ያን ጊዜ የቴክኒሻን ነገር አደረገች። ከማይክሮፎኖቿ ሁሉ ስስ የሆነውን መርጣ በጥጥ ጠቅልላ አንዱን እንቁላል አስደገፈችውና ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች።

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ እርጥብ ወረቀት ላይ ጥፍር እንደሚሳብ ያለ ነገር መጣ። ከዚያ ትርታ፤ የራሷ የልብ ምት መስሏት ትንፋሿን ያዘች፣ የራሷ አልነበረም፣ በጣም ይፈጥናል። እናም ከሩቅ፣ ከግድግዳ ማዶ ያለ ጎረቤት የሚጣራ ያህል፣ «ፅው»።

ልጅቷ በሥራዋ ብዙ ነገር ሰምታለች። የሚኒስትር ንግግርና የስታዲየም ጩኸት ቀርጻለች፣ አንድ ጊዜ የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይቀር። ይህን ግን አልሰማችም። ገና ያልተወለደ ነገር፣ አየር አይቶ የማያውቅ፣ በር የሌለው ቤት ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ፣ ሰው አለ ወይ ይላል።

ሁሉንም ጠራች። እናቷ አዳመጠችና «ማን አስተማራት?» ብላ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አጎትየው አዳመጠ፤ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ማስታወቂያ የማይወጣለት ነገር በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አጋጠመው። በመጨረሻ አባትየው ተራ ደረሳቸው። ማዳመጫውን አጥልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ማይክሮፎን ከመከፈቱ በፊት ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን በቀስታ ጠረጉ፦ «እህም»።

ሁለቱም ቅንድቦቻቸው እስከ ፀጉራቸው ተነሡ። ልጅቷ እንግዳ ይሂድልኝ ማለታቸው እንዳልሆነ ገባት፤ ሌላው ግን አልገባትም። ማዳመጫውን እንዲመልሱ እጇን ብትዘረጋ አልሰጥም አሉ።

በማግስቱ ቅርፊቶቹ መሰንጠቅ ጀመሩ። እያንዳንዷ ጫጩት በምንቃሯ ጫፍ ላይ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ነጭ መውጊያ አላት፤ ለዚች ለአንዲት ሥራ ብቻ የተሰጠቻት፣ ሥራው ሲያልቅ የምትረግፍ። በዚያች መውጊያ ቤቷን ዙሪያውን ትቀደዋለች። ትወጋለች፣ ታርፋለች፤ ሞተች ሲባል ደግማ ትወጋለች።

አጎትየው አላስቻለውም። «ትንሽ ብንላጥላትስ? እንደ ድንች?»

ልጅቷ እጁን መታችው። «ደሟን ገና ከቅርፊቱ ውስጥ እየሰበሰበች ነው! ብትልጣት ትደማለህ... ትደማለች ማለቴ ነው። አንተም ትደማለህ!»

ወጡ። ሲወጡ ርጥብ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ያበጠ፣ በስህተት የተሠሩ የሚመስሉ ነበሩ። ጥቂት ቆይተው ደርቀው ሲነፉ ግን ሣጥኑ ውስጥ ቢጫ ብርሃን የፈሰሰ መሰለ። አባትየው በጉልበታቸው ተንበርክከው ቆዩ። ልጅቷ አይታቸው ዞር አለች፤ ሰው እንደዚያ ሲያይ ማየት ነውር መሰላት።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ደግ አሳብ ነበር። ስህተቱም ከዚያው ደግ አሳብ መጣ።

የቀረጻ ክፍሏ አየር የላትም፤ የፈለቀ ጫጩት ደግሞ ንጹሕ አየር ይሻል። ስለዚህ ልጅቷ ሰፊ ካርቶን አዘጋጅታ ሳሎን ጥግ አስቀመጠች፣ ቀዩን አምፖል አዛወረች። ከሥሩ ጋዜጣ አነጠፈች። በጋዜጣው ላይ የአንዷ ትንሽ ጫጩት እግሮች ወዲያና ወዲህ ተንሸራተው ተከፈቱ፤ እንደ ተበላሸ መቀስ መቆም አቃታት።

«እኔ ጋዜጣ ሰው እንደማያቆም ድሮም ተናግሬያለሁ» አለ አጎትየው።

ልጅቷ ጋዜጣውን አንሥታ ሰጋቱራ ሞላችበት፣ ላዩን በአሮጌ ፎጣ ሸፈነች። የትንሿን እግሮች እንዳይከፈቱ በቀጭን ፕላስተር እንደ ድልድይ አገናኘቻቸው። የውሃው ሳህን ውስጥ እንዳይሰጥሙ ብይ ደረደረች። እያንዳንዷን አንሥታ ምንቃሯን ጠቀስ አድርጋ ውሃ አስቀመሰች፤ ጫጩት ውሃን በዓይኗ አታውቀውም፣ አንድ ጊዜ መንካት አለባት። የሁለቱ መቀመጫ በኩስ ደርቆ ተደፍኖ ነበር፤ ለብ ባለ ውሃና በጥጥ አርሳ አርሳ ለቀቀችላቸው፣ ካልተከፈተ ይገድላልና። እናትየዋ ፎጣ ይዛ ቆማ፣ «የኔን ልጅ እንኳ እንደዚህ አላጠብኩም» አለች።

«ያ ልጅ እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ።»

ሙቀቱም ልክ ነበር። ከበረዳቸው አምፖሉ ሥር ይከመራሉ፣ ከሞቃቸው አፋቸውን ከፍተው ወደ ጥግ ይሸሻሉ፣ ሲስማማቸው ተበትነው ይተኛሉ። ተበትነው ተኙ። ሁሉ ነገር ልክ ነበር።

እናትየዋ ታዲያ ሁለተኛ መግለጫ አወጣች። ይህ የሬዲዮ ቤት ነው፤ በሬዲዮ ቤት ቀይ መብራት ከበራ ትንፋሽ አይሰማም። ቀይ መብራት በርቷል፤ ስለዚህ ጸጥታ። ጫማ ወለቀ። ማንኪያ በጨርቅ ተጠቀለለ። አጎትየው እንኳ ዳቦ ሲበላ ቅርፊቱን ትቶ ልቡን ብቻ በላ። ጫጩቶቹ መጀመሪያ በኃይል ጮሁ፤ ከዚያ እየቀነሱ መጡ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ጫጫታን ሲያባርር የኖረ ቤተሰብ ይህን ሰምቶ ምን ይላል?

«እፎይ» አለ። «ለመዱ።»

አልለመዱም። መኖው ተሰፍሮ እንደተቀመጠ ነበር፤ በላዩ ይራመዳሉ እንጂ አይለቅሙትም። ውሃውን ከልጅቷ እጅ ካልሆነ አይጠጡም። አንገታቸውን ሰብረው አምፖሉ ሥር ይቆማሉ። ጠዋት ልጅቷ ስትነሣ አንዷ ከፎጣው ላይ በጎኗ ወድቃለች። ቀላል ነበረች፣ ምንም ያልያዘች ያህል።

አባትየው መሐረባቸውን አውጥተው ተቀበሏት፤ ወደ ጓሮ ወሰዷት። ሲመለሱ ጉልበታቸው ላይ አፈር ነበር። ከካርቶኑ አጠገብ ቆሙ። ልጅቷ አየቻቸው፦ አፋቸውን ከፈቱ። ቀና ሲሉ ሚስታቸው አለች፣ የሚስታቸው ወንድም አለ፣ ልጃቸው አለች። አፋቸውን ዘጉ። ጥቂት ቆይተው ደግመው መጡ፣ ደግመው ከፈቱ፣ እናትየዋ በካልሲዋ ቀስ ብላ እየረገጠች ስታልፍ ደግመው ዘጉ። ልጅቷ ትንፋሽ ያጠራቸው መሰላት።

«አባባ፣ ያመዎታል?»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ ይሁን አይደለም የማይታወቅ አነቃነቅ ነበር። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ባዶዋ የቀረጻ ክፍል በር ላይ ተደግፈው ቆሙ።

ቀትር ላይ ነርሷ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አዳመጠች። «ምነው? ሰው ሞቷል?»

«ቀስ በዪ! ጫጩቶች አሉ» አለች እናትየዋ በሹክሹክታ።

«እና?»

«እንዳይረበሹ ነዋ!»

ነርሷ ካርቶኑ ላይ አጎንብሳ አንዷን አነሣች፤ ከጉሮሮዋ ሥር ያለውን የጥሬ ከረጢት በጣቷ ዳበሰች። «ባዶ ነው። እትዬ፣ ማን አደራ ብሎሽ ነው ዝም የምትዪው? ዶሮ እኮ ከንጋት እስከ ምሽት ስትለፈልፍ ነው የምትውለው! ኑ እዚህ ጥሬ አለ፣ ኑ እዚህ ውሃ አለ፣ ተነሡ፣ ተኙ፣ ጭልፊት መጣ! ጫጩት ረሃቧን እንጂ እህሏን አታውቅም፤ የሚጠራት ካጣች እህል ላይ ቆማ ትሞታለች። የሚያናግራቸው ሰው አጥተው ነው እንዲህ የሆኑት።»

ቤቱ ውስጥ ያሉት የድምፅ ባለሙያዎች ሁሉ ተያዩ።

«ለኔ ተዉት» አለ አጎትየው። እጅጌውን ሰበሰበና ካርቶኑ ላይ ተደፋ። «ውድ ደንበኞቻችን! አዲስ፣ የተመረጠ፣ በቫይታሚን የበለጸገ—»

ጫጩቶቹ ጥግ ላይ እየተረጋገጡ ተከመሩ። ልጅቷ በሁለት እጇ በተነቻቸው፤ ከታች ያሉት ሊታፈኑ ነበር።

እናትየዋ ሞከረች፤ የምሽቱን ዋና ዋና ዜናዎች የምታስተዋውቅበትን ድምፅ አወጣች። አልዞሩም። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የእመጫት ዶሮ ድምፅ ፈልጋ አሰማቻቸው። አንድ ሁለቱ ቀና ብለው አዩ፤ የማያውቁት ሰው ሰላም እንዳላቸው ሁሉ መልሰው አቀረቀሩ። ፕላስተር የታሰረላት ትንሿ ዓይኗን ጨፍናለች። ክንፎቿ ወርደዋል።

«ይቺ ማታን አታይም» አለች ነርሷ፣ በሥራዋ እንደለመደችው፣ በለሆሳስ። «የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏን ታናግራለች፣ ከውስጥ ሆነው ይሰሟታል። ሲወጡ የሚያውቁት እሱን ድምፅ ነው። የነዚህ እናት ድመት ሆድ ውስጥ ናት፤ ከየት እናምጣላቸው?»

በዚህ ጊዜ ከኮሪደሩ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«እህም።»

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ራስ ቀና አለ። ሁሉም፣ አንድ ላይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፤ የትንሿ ሳይቀር።

አባትየው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ፊታቸው መስረቁ የታወቀበት ሰው ፊት ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄዱ፤ ጫጩቶቹ ወደ ግራ ዞሩ። ወደ ቀኝ ሲሄዱ ወደ ቀኝ ዞሩ። አንዷ ጠርዙ ላይ ለመዝለል ሞክራ በጀርባዋ ወደቀች።

ልጅቷ አባቷን አየች፣ የቀረጻ ክፍሏን በር አየች። በየዜናው ሰዓት የተዘጋችውን በር። ድምፅ የማይወጣባትን። «አባባ...» አለች።

አባትየው መጡ። የሚያያቸውን ሁሉ ሰው እያለፉ መጥተው ካርቶኑ አጠገብ ተንበረከኩ። ጣታቸውን መኖው ላይ ቀጥ አድርገው እንደ ምንቃር ኳ፣ ኳ አደረጉ። አፋቸውን ከፈቱ። ይህኛውን ጊዜ ቀና ብለው ማንንም አላዩም።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ፣ «አድማጮቻችን።»

ያ ድምፅ የድሮው አልነበረም። የድሮው ነሐስ ነበር። ይሄ ሻካራ፣ ዝቅ ያለ፣ ከደረት ውስጥ እየተቆራረጠ የሚወጣ፣ ክር፣ ክር፣ ክር የሚል ነበር። ልጅቷ ጆሮዋ የሠለጠነ ነውና ከሁሉ ቀድማ ሰማችው፦ ሐኪሙ ቆርጦ ያስቀረው ድምፅ የእመጫት ዶሮ ድምፅ ነበር። ምንም ያልጎደለው፣ ምንም ያልተጨመረበት።

«ዋና ዋናዎቹ ዜናዎች። መኖ... እዚህ ነው። ውሃ... ከብዮቹ መሐል ነው።»

ጫጩቶቹ ሮጡ። እየወደቁ፣ እየተነሡ፣ አንዷ በሌላዋ ላይ እየዘለለች ወደ ጣታቸው ሮጡ፤ ጣታቸው በመታበት ቦታ መቱ፤ የመቱት እህል ሆኖ ተገኘ። ባወቁ ጊዜ የሰጡት ድምፅ ደግሞ ከልቅሶው የተለየ፣ አጭርና ጥጋብ ያለው ነበር። አባትየው ስለ ነፋስ አወሩላቸው፣ ስለ ገበያ አወሩላቸው፣ ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ የውጭ ዜና ጨመሩላቸው። ቃሉ ሲጠፋቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ሲጠርጉ ሁሉም ቀና ብሎ ይጠብቃቸዋል።

ትንሿ ግን አልመጣችም። አንገቷን ዘርግታለች፤ እግሯ አልታዘዛትም።

አባትየው ጎንበስ አሉ፤ ከንፈራቸው ሰጋቱራውን ሊነካ ደረሰ። የሚያነቡትን አቆሙ። ለሷ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ልጅቷ ራሷ ትንሽ ሳለች እንኳ ሰምታው በማታውቀው ልስላሴ፣ «ነዪ» አሏት። «ነዪ። እዚህ ነኝ።»

ትንሿ ሁለቱን የታሰሩ እግሮቿን አንድ ላይ አንሥታ ዘለለች። ወደቀች። ዘለለች። ከጣታቸው ደርሳ ምንቃሯን ጥፍራቸው ላይ መታች፤ አባትየው በሌላ ጣታቸው አንድ ጠብታ ውሃ ዘረጉላት፤ ጠጥታ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች፣ ጫጩት ውሃ ስትጠጣ ወደ ሰማይ እንደምታየው።

ነርሷ ጋዋኗን እያስተካከለች፣ «እንግዲህ እኔ ምን እሠራለሁ እዚህ» አለች፤ አልሄደችም ግን። አጎትየው ግድግዳውን ተደግፎ፣ «በእግሩ ሄደ» አለ፣ ያለ አንዳች ቃና፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ልጅቷ ማይክሮፎኗን ለማምጣት አሰበች፤ ተወችው።

እናትየዋ ብቻ ቀስ በቀስ ፊቷ ተለወጠ። መጀመሪያ እንባ ነበር። ከዚያ ሌላ ነገር ከእንባው ሥር መጣ። እሷ ባሏን በደስታዋ ጊዜ «አንተ»፣ በቁጣዋ ጊዜ «አንቱ» ትላቸዋለች፤ ልጅቷ የትኛው እንደሚመጣ ገብቷት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አንቱ!» አለች እናትየዋ። ጭልፋው በእጇ ነበር። «ሦስት ሳምንት ሙሉ! እኔ አንዲት ቃል፣ አንዲት ‹እሺ› እንኳ ይስጡኝ እያልኩ ስለምን፣ ጎረቤት ሳስለምን፣ እርስዎ በር ዘግተው ለእንቁላል ዜና ያነባሉ! እንቁላል ከኔ ይበልጣል? እንቁላል አግብተዋል? እኔ እስቅብዎታለሁ ብለው ነው? ይንገሩኝ! ዛሬ መግለጫ ከርስዎ ነው የምፈልገው። ለምን?»

ሁሉም ወደ አባትየው ዞረ። ጫጩቶቹም ዞሩ። ትንሿ መዳፋቸው ውስጥ ገብታ ተጠቅልላ፣ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል ትከፍታለች።

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሚስታቸውን አዩ። ቅንድባቸውን አላነሡም።

«አላስረዳም» አሉ፤ ሚስታቸው ስትለምነው የኖረችው አንድ ቃል ይኸው ነበር።